የእትዬ የሺ የጾም ቀን እንግዶች

ባለፈው ረቡዕ የእህቴ ልጅ አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛውን ይዞ ዳንግላ፣ ደጃፌ ላይ ከባጃጅ ወረደ። እንግዳው ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ክፋት አላየሁበትም። ገና ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ ግን፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር የት ይበላል? ምንስ ይጎበኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት የእህቴ ልጅ ቀደመኝና፣ «እንጅባራ ላይ ሳንድዊች በልተናል፤ ዘንገና ወርደን ፎቶ ተነስተናል፤ በቃ፣ አዊን ጨርሰናል!» አለ። ጨርሰናል! አገር እንደ አረቄ መለኪያ በአንድ ትንፋሽ ተጨልጦ የሚያልቅ ይመስል! የሚገባውን ልመልስለት ስል ከጎረቤቴ ግቢ የሚቆላ ኑግ ሽታ አጥሩን ዘሎ መጣብኝ። ቀኑ የጾም ቀን ነው፤ ጎረቤቴ ለምሳዋ ኑግ ትቆላለች፤ ሌላ ምንም ነገር የለም። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እንግዳው የታመምኩ መስሎት «ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ። አልታመምኩም፤ ተናድጄ ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እናደዳለሁ። ይኸው የራሴ ፀጉር ግማሹ ሸብቷል፤ ንዴቴ ግን አንዲት ዘለላ ሽበት አላወጣም።

ያኔ ጢሜ ገና ማጎንቆል የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አውቶቡስ ከተባለ ነው! ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ጸሎት ነበር። ዳገት ላይ አንዲት ኤሊ ቀድማን ሄዳ ኮሶበር ላይ ጥላ ስር አርፋ ስትጠብቀን አግኝተናታል፤ ያላመነ ይተወው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። የማስታውሰው ጎረምሳው ሁሉ ጎፈሬውን እንደ ድርቆሽ ክምር ቆልሎ ሚዶውን ከኋላ ኪሱ ሻጥ የሚያደርግበት፣ የተርጋል ሱሪው ከጉልበቱ በታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግበት፣ የናይለን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ ሲቆም እንደ ጠጅ ብርሌ የሚያበራበት ዘመን እንደነበር ነው። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለስ ነበር። ሽልንግ የያዘማ ጠላውንም ጠጥቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ በየቡና ቤቱ በር ላይ ሬዲዮ የሚለቀውን ዘፈን በነፃ እያዳመጠ እንደ ባላባት ይንጎራደድ ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ባሕር ዳር ስንደርስ ከተሳፋሪው መሐል ማን ቀይ ማን ጠይም እንደነበር ለመለየት ሁሉንም ማጠብ ያስፈልግ ነበር።

ይህ የእህቴ ልጅ «አስጎብኚ» ስለሚባል ሥራ ሲያወራኝ ሳቄ ይመጣል። የአዊ የመጀመሪያው አስጎብኚ እኔ ነኝ! ደመወዝ አልነበረኝም፤ መሥሪያ ቤቴ የአውቶቡሱ የኋላ መሰላል ነበር። ኮሶበር ልንገባ ስንል አንገቴን በመስኮት አስገብቼ፣ «ዘንገና ሐይቅ! ዘንገናን ተመልከቱ! ጥልቀቱን የለካ የለም፤ አንዱ ሊለካ ገብቶ ገመዱ አልቆበት፣ ገመድ ሊገዛ ማርቆስ እንደሄደ ቀርቷል!» እል ነበር። የዛሬውን እንጅባራ ያን ጊዜ ኮሶበር ነበር የምንለው፤ ብርዱ እንደ ዛሬው በጃኬት የሚመለስ አልነበረም፣ ጠዋት የተናገሩት ቃል በረዶ ሆኖ ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ ሲቀልጥ ነበር የሚሰማው። እዚያ ስንደርስ ደግሞ፣ «የቀርከሃ ወንበር! ከኮሶበር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ይቀራል!» እላለሁ። ሜዳው ላይ ፈረሰኛ ባየሁ ጊዜ፣ የፈረሱ ጌጥና ጥልፍ ከነዘርፉ ሲወዛወዝ፣ «ይህ ፈረስ ከጌታው የበለጠ ዘር ቆጥሮ ነው የሚወለደው!» እላለሁ። አዲስ ቅዳምን አልፈን የዳንግላ ቆርቆሮ ብልጭ ሲል ግን ማጋነኑን እተወዋለሁ። «ዳንግላ! ምሳ! የሺ ቤት!» ይኸው ነው። ለዚያ ቤት ማጋነን አያስፈልግም ነበር። ለእኔ፣ ለዚህ ውሸታም አፍ፣ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ቤቱ ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ክዳን። ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ መሸጫ ቆሟል፤ ሰው እዚያ በር ላይ ቆሞ «ኔትወርክ የለም» እያለ ሲነጫነጭ ስሰማ ሆዴ ይቆስላል፤ እዚያች መሬት ላይ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ይገናኝ ነበርና። እትዬ የሺ ከፋግታ ገጠር የወጣች የአዊ ልጅ ናት፤ ስታስተናግድ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በአዊኛ ነበር፤ ስለዚህ እኛ አዊኛ የማናውቀው ስንሰደብ እንኳ የተመረቅን እየመሰለን አሜን እንል ነበር። ጠይም፣ ረጅም፣ ደረቅ ሴት ናት። የቤቷ ሕግ አንድ ነው። ከአውቶቡስ የወረደ ሁሉ በስድስት በስድስት እየሆነ አንድ ገበታ ይቀርባል። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የምትመርጠው እሷ ናት፤ ዳኛውን ከተከሳሹ፣ የቅቤ ነጋዴዋን ከቄሱ፣ ጎረምሳውን ከአማቱ ጋር ታስቀምጣለች። አምስት ሆነው የተቀመጡ እንደሆነ ስድስተኛው እስኪመጣ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ፤ ጎደሎ ገበታ አይባረክም ትላለች። ሲሞላ ታላቁ ይባርካል፣ ከዚያ በኋላ ለምግቡ እግዜር ይሁነው! ሽሮዋ የሞተ ሰው ያስነሳል አልልም፤ የሞተው ሰው ተነስቶ ጨምሪልኝ ሲል ግን ሰምቻለሁ። የጾም ድስቷና የፍስክ ድስቷ አይተዋወቁም፤ አንዱ በቀኝ ግድግዳ፣ ሌላው በግራ ግድግዳ ተሰቅሎ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይውላሉ። ለዚህ ነው ጾመኛው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እሷ ቤት የሚበላው።

ሾፌራችን ጋሽ ዘለቀ ይባላል። ጥቁር መነጽር፣ የቆዳ ጃኬት፣ አንድ የወርቅ ጥርስ። ያን ጊዜ ሾፌር ማለት ዛሬ ፓይለት ማለት ነው ብላችሁ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁታል፤ አውቶቡሱ የት ቆሞ ሕዝቡ የት እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነበር። አንድ ቀን እጁን ታጥቦ ሲያበቃ አልቀመጥም አለ።

«የሺ፣» አላት፣ «ማርቆስ ላይ ለሾፌር ለብቻው ክፍል አለው። ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለው። አንች ቤት ከቅቤ ነጋዴና ከከብት ነጂ ጋር እጄን እያጋጨሁ የምበላው እስከ መቼ ነው?»

«እጅህ ከተጋጨ ቀስ ብለህ ጉረስ፤» አለችው። «የአንተ እጅ እንደ መኪናህ አይደለም፣ ፍሬን አለው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ዘለቀ መነጽሩን አወለቀ፤ መነጽሩን ካወለቀ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። «ጓዳሽን ለምን አትለቂልኝም?»

«ጓዳዬ ለአራስና ለታማሚ ነው። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የምትሄድ ነፍሰ ጡር እዚያ ጋደም ትላለች። አርግዘህ ከሆነ ግን ግባ፤ ገንፎውን አገነፋልሃለሁ።»

አሁን ማንም አልሳቀም፤ አፉን በእጁ ይዞ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጋሽ ዘለቀ ጣቱን ወደ አውቶቡሱ ቀሰረ። «ያንን መኪና እዚህ ደጅ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ሳልቆም ሳልፍ አቧራዋን ትበያታለሽ!»

«አቧራ ጾም አያስገድፍም፤» አለችና ወጡን ልታወጣ ገባች።

እንዳለውም አደረገ። ኮሶበር ላይ አቶ ሞላ የሚባል ሰው አዲስ ሆቴል ከፍቶ ነበር። ጣሪያው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ በሩ ላይ ሰው ቁመቱን የሚያይበት መስታወት የተተከለ፣ በስተኋላ ደግሞ መጋረጃ ያላት አንዲት ክፍል። የሾፌር ክፍል! ጋሽ ዘለቀ እዚያች መጋረጃ ውስጥ ሲገባ ጳጳስ መቅደስ የገባ ይመስል ነበር። ተሳፋሪውስ ምን አለ? ምንም። ያ የሺን «እናቴ፣ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ» ሲል የነበረ ሕዝብ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በመስታወቱ ፊት እየተሰለፈ ጢሙን እያየ፣ የአቶ ሞላን የበግ ወጥ ለየብቻው በየሳህኑ ሲበላ ዋለ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የያዘውን ቆሎ እየቆረጠመ ያልፍ ነበር። ወጡ ቀጭን ነበር፤ እንጀራው ላይ ሲፈስ ተሻግሮ ሱሪ ላይ ያርፋል። ግን መስታወት አለው! ሬዲዮ አለው! ሰው ለመስታወት የማይሸጠው ነገር የለም፤ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ የእህቴ ልጅ ሳንድዊቹን ከመቅመሱ በፊት ፎቶ ሲያነሳው አይቻለሁ። አውቶቡሱ ዳንግላ ሲደርስ ጋሽ ዘለቀ መለከቱን እያንባረቀ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ በእትዬ የሺ ደጅ ያልፋል። እሷ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። አትሳደብም፣ አትጠራም። አቧራው ሲያለብሳት በመሰላሉ ላይ ሆኜ አያለሁ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ከምታሠራቸው ሁለት ልጆች አንዷ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ ሁለተኛዋ።

የጥር ሠርግ ሲጋጋል ጋሽ ዘለቀ ለአቶ ሞላ፣ «ሰኞ ሠርገኛ ነው የምጭነው፤ ሙክት ጣል!» ብሎ ቃል ሰጠ። እሑድ ሠርጉን የጨረሰ አጃቢ፣ ከቡሬ የተሳፈሩ አንድ መሪጌታ፣ የዘወትር ደንበኛችን የቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ሌላውም ሌላውም፤ አውቶቡሱ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ኮሶበር ስንደርስ እኩለ ቀን ነው። የሙክቱ ሽታ ከግቢው ወጥቶ ገና መታጠፊያው ላይ ተቀበለን። ጋሽ ዘለቀ አውቶቡሱን አቆመ፣ «ምሳ!» አለ። የተንቀሳቀሰ የለም። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። እንደገና «ምሳ!» አለ። ማንም ሰው ወንበሩን አልለቀቀም።

«ምን ሆናችኋል? ተጣብቃችሁ ነው?»

«ነነዌ ነው እኮ፣ ጋሽ ዘለቀ፤» አለች ወይዘሮ ጥሩነሽ። «ዛሬ ገባ።»

ጋሽ ዘለቀ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው በመስኮት ሲያልፍ ነው። የነነዌ ጾም ቀኑ በየዓመቱ ፈቀቅ እንደሚል ማን ነግሮት! በእሱ ቆጠራ ገና ሁለት ሳምንት ነበረው። ፊቱ እንደ ሙክቱ ጥብስ ሲጠቁር አየሁት። አቶ ሞላ ጭልፋውን እንደያዘ ከግቢው ወጥቶ፣ «ኧረ ሙክቱን ምን ላድርገው?» ብሎ ጮኸ።

«ቋንጣ!» አለው አንዱ ሚዜ ከውስጥ።

ጋሽ ዘለቀ ድምፁን አለሰለሰና ወደ መሪጌታው ዞረ። «አባ፣ ለመንገደኛ ይፈቀዳል አይደል? መንገደኛ እኮ ነን።»

መሪጌታው እንደ ነቃ ሰው ቀና አሉ። «ዮናስም መንገደኛ ነበር፤ የት እንዳደረ ታውቃለህ?»

ሠርገኛው በሳቅ አውቶቡሱን ነቀነቀው። ጋሽ ዘለቀ ግን አልተወም፤ «እሱስ ነቢይ ነው፤ እኛ ደካሞች ነን፤» አለ።

«ነነዌ ላይ እንስሳቱ ሳይቀሩ ጾመዋል፤» አሉት መሪጌታው። «አንተ ከበሬ ታንሳለህ?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። አንዱ «ወደ ዳንግላ!» አለ፤ ሌላው «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደርሳለን፣ የሺ ቤት ጾማችንን እንፈታለን!» አለ፤ ሠርገኛው ከበሮውን አወጣና «የሺ ቤት! የሺ ቤት!» እያለ መምታት ጀመረ። ኮሶበር ላይ ያንን የሚያህል ከበሮ ለጥምቀትም አልተመታ። ጋሽ ዘለቀ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ገብቶ ሙክቱን ሊበላ ይችል ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየው ነነዌን የሚገድፍ ጎጃሜ አልተወለደም። ሞተሩን አስነሳ። ወደ ዳንግላም ነዳው።

እትዬ የሺ አውቶቡሱ ደጇ ላይ ሲቆም ወጣች። «ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ?» አለች።

«ርቦን ነው፣ እትዬ የሺ፤» አልኳት ከመሰላሉ ላይ ሆኜ።

ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን እህል በቤቷ አልነበረም፤ ከየት ይምጣ! ለራሷ የሠራቻት የአንዲት ሴት ምሳ ብቻ ናት ያለችው። የት ነበራችሁ አላለችም። ለምን ዛሬ አላለችም። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረችና በአዊኛ አንድ ነገር ጮኸች፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዓይኔ ባያይ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ከወዲያ ማዶ፣ ከወዲህ ማዶ፣ ከየአጥሩ ስር ጎረቤት ሴቶች ወጡ፤ አንዷ እንጀራዋን በሰፌድ፣ አንዷ የድንች ወጧን ከነድስቱ፣ አንዷ ስልጆዋን፣ አንዷ አንድ ቁና ኑግ። ኑጉ ተቆላ፤ ያ ሽታ ዳንግላን ከዳር እስከ ዳር ሞላት። ተወቀጠ፣ በውሃ ተለወሰ፣ እንጀራው ተፈተፈተበት። በስድስት በስድስት ተቀመጥን። ሁሉም ገበታ ሞላ፤ የመጨረሻው ላይ ግን አምስት ሰው ነበር።

ጋሽ ዘለቀ መሪውን ጨብጦ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እትዬ የሺ አላየችውም፤ ላታየውም ምላለች። «ይህ ገበታ ጎደሎ ነው፤ አይባረክም፤» ብላ እጇን አጣምራ ቆመች። አምስቱ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ቀጥሎ ፍትፍቱን አዩ፣ ቀጥሎ አውቶቡሱን አዩ።

«አያ ዘለቀ! ውረድልን፣ በእናትህ ሞትን!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ወረደ። መነጽሩን ኪሱ ከተተ፤ ከአንድ የበግ ነጋዴና ከሙሽራው አጎት መሐል ገብቶ ተቀመጠ። እትዬ የሺ እጁን አስታጠበችው። መሪጌታው ባረኩ። ጋሽ ዘለቀ ሲበላ ያየ ሰው ጉድጓድ የሚደፍን ነው የሚመስለው፤ አንዲት ጊዜም እጁ ከማንም እጅ ጋር አልተጋጨም። ከገበታዬ ቀና ብዬ ሳየው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከኑጉ ጭስ ነው አልኳቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተነስታ መሐል ቤት ቆመችና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ከእንግዲህ ወዲያ ኮሶበር ላይ እህል ብቀምስ ቅቤዬ ውሃ ይሁን!» አለች። ሁሉም «ይሁን! ይሁን!» አለ። በጊዮርጊስ የማለ አለ፣ በልጁ የማለ አለ። ጋሽ ዘለቀም አንገቱን ነቀነቀ፤ አፉ ሙሉ ስለነበረ መሐላው ምን እንደነበር አልተሰማም። እኔ፣ ያ ሁሉ ቀልዴ ውሸት የሆነው ሰውዬ፣ ያን ቀን የሰማሁትን ሁሉ አመንኩ።

ነነዌ ሦስት ቀን ነው። ሐሙስ ፍስክ ሆነ። ሐሙስ አውቶቡሱ ኮሶበር ላይ ቆመ፣ አቶ ሞላ አዲስ በግ ጥሏል፣ ከአውቶቡሱ የወረደች የመጀመሪያዋ ሰው ወይዘሮ ጥሩነሽ ናት። እንስራ የሚያህል አጥንት ይዛ ስትግጥ ደረስኩባት።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ቅቤሽስ?» አልኳት።

«ምን ሆነ ቅቤዬ?»

«ውሃ ይሁን ብለሽ አልነበር?»

«ኧረ አንተ ልጅ!» አለችና ጣቷን ላሰች። «የጾም ቀን የማልኩት ለጾም ቀን ነው። ዛሬ ፍስክ አይደል እንዴ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከብዙ ውሸታም ጋር ውያለሁ፣ እኔም ራሴ አንዱ ነኝ፤ እንደዚያች ዓይነት ንጹሕ ውሸት ግን ሰምቼ አላውቅም። አላፈረችም እኮ! የተማከሩ ይመስል ሁሉም ያንኑ ይሉ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እትዬ የሺ ቤት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ኮሶበር። ንጹሕ ድስት ያላት እሷ ናት፤ ስለዚህ ነፍሳቸውን ወደ እሷ፣ ሆዳቸውን ወደ አቶ ሞላ ይልኩ ነበር። ሁዳዴ ሲገባማ አውቶቡሱ በየቀኑ ዳንግላ ይቆም ጀመር፤ የእትዬ የሺ ፊት ፈካ። የተመለሰችላት ገበያዋ መሰላት። የሄዱትን ልጆች አስጠራች፣ የሁለት ወር እንጨት አስወረደች፣ በጓሮ በኩል ግድግዳውን አስገፍታ ለሁለት ተጨማሪ ገበታ የሚሆን ቦታ አሠራች። «ይኸው ሰው ልብ ገዛ፤» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጭቃውን በእጇ እየለሰነች። የማውቀውን ፊቴ ላይ እንዳታነብብኝ ብዬ ዞር አልኩ። እነሱ ከኋላዋ ቁጭ ብለው፣ ሽሮዋን እየዛቁ፣ «ለፋሲካ አቶ ሞላ ስንት በግ ያርድ ይሆን?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ቤት፣ እሷ ገበታ ላይ ሆነው!

ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት ታውቋቸዋላችሁ። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ሁሉም ፍስክ ነው። አውቶቡሱ ዳንግላን እንደ ቀድሞው መለከቱን እያንባረቀ ያልፋት ጀመር። እትዬ የሺ መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ትቆም ነበር። ቀጥሎ በሩ ክፍት ሆኖ ሰው አይታይበትም ነበር። ቀጥሎ ጭሱ ቀረ። አንድ ማለዳ ከእኛ ቀድሞ ያለፈ ሌላ አውቶቡስ ረዳት፣ የፍስክ ድስቶቿን ለጎረቤት ስታድል አየኋት አለኝ። ለተሳፋሪው ነገርኩት። «ወይኔ ምስኪን!» አሉ፤ ይህን ሲሉ ደግሞ የእውነት አዝነዋል፤ ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ በተገላገልኩ! ደግ ሰዎች ነበሩ፤ እያዘኑ አጥንታቸውን ይግጡ ነበር።

በዓለ ሃምሳ ወጣ። የመጀመሪያው የጾም ረቡዕ በክረምት መግቢያ ዝናብ መጣ። ተሳፋሪው ከማርቆስ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ኮሶበር ላይ ማንም ቁም አላለም፤ ጋሽ ዘለቀም ሳይጠየቅ ቀጥታ ዳንግላ አምጥቶ እትዬ የሺ ደጅ አቆመው። ሰው በዝናቡ እየሮጠ ገባ። ማንም ሳያዛቸው በስድስት በስድስት ሆነው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ለመታጠብ ዘርግተው ጠበቁ። እሳት የለም። በግድግዳው ላይ ድስት የለም፣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። እትዬ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እጇ በአየር ላይ እንደተዘረጋ፣ «እትዬ የሺ፣ ምነው እሳት አላነደድሽም?» አለች።

«ማንደድ ከተውኩ ሰነበትኩ።»

«ርቦን መጣን እኮ!»

«አውቃለሁ።» ድምፅዋ አልተነሣም፤ አዊኛም አልገባችበት። «ስትራቡ የት እንደምትመጡ አውቃለሁ። ስትጠግቡ የት እንደምትሄዱም አውቃለሁ። እኔ የጾም ቀን ሚስት አይደለሁም።»

በገበታዎቹ መሐል አለፈች። እግሩን የሰበሰበላት ሰበሰበ፤ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም። ዝናቡ ውስጥ ገባች፣ አውቶቡሱ ላይ ወጣች፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ቋጠሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ ዘለቀ መሪውን እንደያዘ ዞረ። መነጽሩን አውልቋል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «አንች» ሳይላት ቀረ።

«እትዬ የሺ፣» አላት፣ «ወዴት ልውሰድዎት?»

«እኔም እንደ እናንተ ነኝ፤ የሚበላበት አገር ፍለጋ። ንዳ።»

ሰዎቹ ከባዶው ቤት አንድ በአንድ ወጥተው፣ ራሳቸውን በነጠላና በካፖርት ሸፍነው፣ በእሷ አጠገብ እያለፉ ወደየወንበራቸው ገቡ። በሩን ዘጋሁት። እስከ ባሕር ዳር ያ ሁሉ ሆድ ሲያጉረመርም ሰማሁ።